ቢራቢሮዋን ተዉአት፣ ክሽክሹን ፈልጉ

በጅማ ጓሮዎች ጎመን ላይ ቢራቢሮ ታየች ተብሎ ኬሚካል መርጨት መቅረት አለበት። በተለይ ክንፏ ብርቱካናማ፣ ጫፉ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ በሳይንሳዊ ስሟ ቫኔሳ ካርዱይ የምትባለው ቢራቢሮ መንገደኛ ናት። ዝርያዋ ሰሃራን አቋርጦ አውሮፓ ደርሶ የሚመለሰው በትውልድ ቅብብሎሽ ሲሆን፣ ደርሶ መልሱ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እሷ አበባ ትቀስማለች፤ ትሏ ደግሞ ኮሸሽላና መሰል እሾሃማ አረም ይመርጣል። የጎመን ትል የምትፈለፍለው ነጯ ቢራቢሮ ሌላ ናት፤ የእሷንም ትል በእጅ መልቀም ይቻላል።

ክሽክሽ፣ የቅጠል ጭማቂ የምትመጠው ደቃቅ ተባይ፣ ግን የሚለቀም አይደለም። ቢራቢሮ ከእንቁላል ተፈልፍላ፣ ትል ሆና፣ በሽፋን ውስጥ ቆይታ ክንፍ እስክታወጣ ሳምንታት ይፈጅባታል። ክሽክሽ በሞቃት አየር እንቁላል ሳትጥል፣ ወንድም ሳያስፈልጋት ሴት ልጆች ትወልዳለች። ልጂቱ ስትወለድ በሆዷ ጽንስ ተጀምሯል፤ በ10 ቀን ገደማ እሷም እናት ናት። ክንፍ የሚያወጡት ቦታ ሲጠባቸው ወይም ተክሉ ሲደክም ነው፤ ያኔ ነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳ ያደርሳቸዋል።

የጎመኑን ቅጠል ገልብጣችሁ እዩ። አመድ የተነሰነሰ የሚመስለው ክሽክሹ ራሱን የሸፈነበት ሰም ነው፤ ውሃ ብቻ ቢረጭበት ተንከባሎ ይወርዳል። ሌሎች ብዙ ዓይነት ክሽክሾች ባሉበት ተክል ላይ ጉንዳን የሚመላለሰው ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ሲሆን፣ በምላሹ ጠላቶቹን ያባርርለታል። ፈሳሹ ቅጠል ላይ ሲቀር ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል፤ ይህ ክሽክሽ በያዘው የቡና ችግኝ ላይም ይታያል። ከክሽክሾቹ መሃል ያበጠ፣ ቡናማ ሆኖ የደረቀና ክብ ቀዳዳ ያለው ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ደቃቅ ተርብ ውስጡን በልታ ወጥታለች።

ሁሉን ገዳይ ኬሚካል ይህችን ተርብና ክሽክሽ የሚበሉትን ጢንዚዛዎች ይጨርሳል፤ የተረፉት ክሽክሾች ያለ ከልካይ ይራባሉ። ስለዚህ በ1 ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጡ። ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክሩና ካላቃጠለ ወደ ማምሻው የቅጠሉን ጀርባ እስኪርስ ርጩ። የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ ከ5 ቀን በኋላ ይደገም። የዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ዩሪያ ማብዛትም ለጋ ቅጠል እያበዛ ክሽክሽ ይጠራል።

ድንች ላይ ነገሩ ይከፋል። ባለ ክንፉ ክሽክሽ አንዳንድ ቫይረሶችን ቅጠሉን ለአፍታ ብቻ በመውጋት ያስተላልፋል፤ መርጨቱ አይቀድመውም። እዚያ የሚያዋጣው ጤነኛ ዘር መትከልና ቅጠሉ የተዥጎረጎረውን ተክል ገና በጊዜ ነቅሎ ማውጣት ነው።