ይድረስ ተከፍሎህ በሐሰት ስሞች ኢንተርኔት ላይ ለምትከራከረው፣ ሳትወለድ ለጎለመስከው ወዳጄ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ጤና ለሥጋ ለባሽ እንደሆነ አላጣሁትም፤ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብዬ ነው። የቸገረኝ አጠራሩ ነው። አንተ እንዳልልህ በሌላው ስምህ «የሦስት ልጆች እናት ነኝ» ብለሃል። እናንተ እንዳልል የሚጽፈው ጣት አንድ ነው። በአንተ ልጽና።

ባለፈው ስለ አንድ ኩባንያ እስከ እኩለ ሌሊት ስንሟገት «እኔ ተራ ዜጋ ነኝ፤ ከኩባንያው ጋር ምንም ንክኪ የለኝም» አልከኝ። ማን ጠየቀህ? ተራ ሰው ተራ ለመሆኑ ይምላል እንዴ? ወዲያው ሁለት ሰዎች ደርሰው፣ አንተ የምትገድፋትን ፊደል እንዳንተው ገድፈው፣ «ልክ ነህ ወንድሜ» አሉህ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። እኔ ከራሴ ጋር እንዲህ ተስማምቼ አላውቅም።

ዘርህንም አጠናሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለት የአሜሪካው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሜክሲኮ አገር በቀል በቆሎ ውስጥ ከቤተ ሙከራ የወጣ ዘረመል አገኘን ብለው ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ሲጽፉ፣ ቀድማ የጮኸችባቸው ሜሪ መርፊ የምትባል አክስትህ ነበረች። የመልእክቷን ዱካ የተከተሉ ሰዎች ቤቷን አላገኙም፤ የደረሱት ዘረመሉ የተለወጠ ዘር ይሸጥ የነበረውን ሞንሳንቶን ያገለግል ከነበረ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘርህ በዝቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ስለ ኢንተርኔት ገለልተኝነት፣ ማለትም አቅራቢዎች ሁሉንም ድረ ገጽ እኩል ያስተናግዱ ስለሚለው ደንብ፣ ስትከራከር ለአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን 22 ሚሊዮን ያህል አስተያየት ገባ። የኒውዮርክ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ በ2021 እንዳሳወቁት 18 ሚሊዮን የሚጠጋው ሐሰተኛ ነው። 8.5 ሚሊዮኑ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ደንቡን ለማስነሣት ገንዘባቸውን ካፈሰሱበት ዘመቻ የመጣ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ሳያውቅ ስሙን አዋጥቷል። ሌላ 7.7 ሚሊዮን ደግሞ አንድ የ19 ዓመት ተማሪ፣ ያውም ለተቃራኒው ወገን፣ ብቻውን ጽፎታል። በደመወዝ የምትሠራው አንተ ይህን ስትሰማ ምን ተሰማህ?

አሁን ወደ ቂሜ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ባል ከአንተ ጋር የሚመሳሰል ሐሳብ ሰነዘረ። ሃያ ዓመት የማውቀውን ሰው «ማን ከፍሎህ ነው?» አልኩት። ተኮሳትሮ ወጣ፤ እስከ ዛሬ አልደወለም። ያንን ሰው እንዳስቀይም ያደረግከኝ አንተ ነህ። ካሣ የምጠይቅበት አድራሻ ቢኖርህ እጠይቅህ ነበር።

መልስህን እጠብቃለሁ። ሦስታችሁም አትድከሙ፤ አንዳችሁ ብትጽፉልኝ ይበቃል።