ፒቴንን “የካንሰር ዘረመል” ብቻ አንበለው

ፒቴን የሚባል ዘረመል አለ። በ1997 ተመራማሪዎች 10ኛው ክሮሞሶም ላይ ያገኙት የካንሰርን መነሻ ሲያስሱ ነው። በአንጎል፣ በጡትና በፕሮስቴት ዕጢዎች ውስጥ ደጋግሞ ተበላሽቶ አገኙት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ከካንሰር ጋር ተጣበቀ። ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ቀሪው ግማሽ በመዘንጋቱ የሚጎዱ ልጆች አሉ ብዬ አምናለሁ። የሚጎዱ እናቶችም አሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ሕዋስ እንዲያድግ ከውጭ ምልክት ሲደርሰው ሽፋኑ ላይ ፒፕ3 የምትባል የስብ ሞለኪውል ትበዛለች። እሷ ስትበዛ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ይነቃሉ፤ ሕዋሱን እደግ፣ ተከፈል፣ አትሙት ይሉታል። ከፒቴን ዘረመል የሚሠራው ፕሮቲን 403 አሚኖ አሲዶች ያሉት ነው። ዋና ሥራው ከፒፕ3 ላይ ፎስፌት የሚባል አንድ ቁራጭ መንቀል ነው። በቃ። ፎስፌቱ ሲነቀል ምልክቱ ይበርዳል። ፒቴን የሕዋሱ ፍሬን ነው ማለት ነው።

የነርቭ ሕዋስ ግን አንዴ ከበሰለ አይከፈልም። ታዲያ ለማይከፈል ሕዋስ ፍሬን ምን ይሠራለታል? ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። በ2006 የወጣ አንድ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች ከአይጥ አንጎል ውስጥ በተወሰኑ የበሰሉ የነርቭ ሕዋሳት ላይ ፒቴንን አጠፉ። ሕዋሳቱ ገዘፉ። ቅርንጫፎቻቸው ከልክ በላይ በዙ፤ አንጎሉም ተለቀ። አይጦቹ ከሌሎች አይጦች ጋር መቀራረብ አቃታቸው። አንጎል ለመሠራት ማደግ ብቻ ሳይሆን በጊዜው መቆምም ያስፈልገዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። በ2008 ደግሞ ፒቴን የጠፋባቸው የአይጥ ዓይን ነርቮች ከተጎዱ በኋላ እንደገና ማቆጥቆጥ ችለዋል። የጎለመሰ ነርቭ እንዳያድግ ከሚይዙት ነገሮች አንዱ ይኸው ፍሬን ነበር።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ከሁለቱ የፒቴን ቅጂዎች አንዱ ተበላሽቶ የሚወለድ ልጅ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ከእኩዮቹ በጣም ይተልቃል። አንዳንዶቹ ኦቲዝም ወይም የዕድገት መዘግየት አለባቸው። ትልቅ ጭንቅላት ያለው ልጅ ሁሉ ፒቴኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ወላጆች አይደናገጡ። ነገር ግን ኦቲዝምና በጣም የተለቀ ጭንቅላት አንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ይህ ዘረመል እንዲመረመር የዘርፉ ባለሙያዎች ይመክራሉ። ጥርጣሬውን የሚያስነሳው መሣሪያ ተራ ሜትር ነው። “በአባቱ ወጥቶ ነው” ተብሎ መታለፍ የለበትም። አባትየውም ቢሆን የተበላሸውን ዘረመል ተሸክሞ ሊሆን ይችላላ።

“መድኃኒት ለሌለው ነገር ምርመራው ምን ይፈይዳል?” የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ራፓማይሲን የተባለው መድኃኒት በአይጦቹ ላይ ብዙ ነገር አስተካክሏል። የቅርብ ዘመዱ ኤቨሮሊመስ በሰዎች ላይ ሲሞከር ግን ያን ያህል ግልጽ ለውጥ አላሳየም። ያም ሆኖ አልስማማም። ፒቴኑ መበላሸቱ የታወቀ ልጅ ከ7 ዓመቱ ጀምሮ አንገቱ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ በየዓመቱ በአልትራሳውንድ እንዲታይ ይመከራል። ካንሰር ቢመጣ ገና በጠዋቱ ይያዛል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የወላጅ ነገር ነው። ብልሽቱ በአንዳንድ ልጆች ላይ አዲስ ቢሆንም ከወላጅም ይወረሳል። የተሸከመ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ልጄ አፉን አልፈታም ብላ የመጣች እናት ራሷ ተሸካሚ ልትሆን ትችላለች። ከሆነች የጡት ምርመራዋ ከሌሎች ሴቶች በዓመታት ቀድሞ መጀመር አለበት። ማህፀኗና ታይሮይዷም ክትትል ይፈልጋሉ። የልጇን ጭንቅላት የለካው ሐኪም ይህን የሚነግራት የመጀመሪያው ሰው ሊሆን ይችላል።