«ቁጥር አንድ» ማለቱን ተዉትና የምታውቁትን ጻፉ

ጅማ ላይ የምትነግዱ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ቡና ቆልታችሁ ለምታሽጉ፣ ማር በጀሪካን አምጥታችሁ በብልቃጥ ለምትቸረችሩ፣ በርጩማ ሠርታችሁ ቴሌግራም ላይ ለምትለጥፉ። እኔም ከእናንተው አንዱ ነኝ።

ማስታወቂያችን ያሳፍራል። እዚሁ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ በየሱቁ በር ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሁሉም ቁጥር አንድ ነው፣ ሁሉም መቶ በመቶ ንጹህ ነው፣ ሁሉም «ሌላ ቦታ የማይገኝ» ነው። አንድ ከተማ ውስጥ ስንት አንደኛ ይኖራል? ገዢው ይህን ሁሉ ሲያነብ ውሎ መጨረሻ ላይ ማናችንንም አያምንም፤ እውነት የተናገረውንም ጭምር።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። የቡና ማሸጊያዬ ላይ «የሊሙ ቡና» ብዬ አሳትሜ ነበር። ቡናውን ግን የገዛሁት ገበያ ውስጥ ከሦስት ነጋዴዎች ነው። የጎማም የማናም የሰቃም ሊሆን ይችላል፤ እኔ የማውቀው ከጅማ ዙሪያ መምጣቱን ብቻ ነበር። ሊሙ ስል ዋጋ ይጨምርልኛል ብዬ ነው የጻፍኩት።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ቡና የታጠበ ነው ወይስ ጀንፈል?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ፍሬውን ቆርጥመው አይተውታል። የታጠበ ቡና ሲቆላ መሃል ለመሃል ያለችው መስመር ነጣ ብላ ትቀራለች፤ የእኔ ግን ቡናማ ነው፤ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ነበርና። ሊሙ እያልን የምንሸጠው ደግሞ በአብዛኛው የታጠበ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጀበና ጥደው የኖሩ ሰው ይህ አይጠፋቸውም። ከዚያ የተናገሩት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ቡናው እኮ ይጥማል። ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ቡናው ጥሩ ነበር! ውሸቱ ምንም አልጨመረለትም፤ ጭራሽ ጥሩውን ቡና አጠራጣሪ አደረገው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚባለው ይሄ ነው። የቀረውን ማሸጊያ ጥዬ አዲሱ ላይ «ከጅማ ገበያ የተገዛ ጀንፈል ቡና» አልኩና የተቆላበትን ቀን ጻፍኩበት። አሁን ደንበኛ ደውሎ የሚጠይቀኝ ስለ ቀኑ ነው፤ ለቀኑ ደግሞ መልስ አለኝ።

እናንተ ማር ሻጮች፣ «ንጹህ ማር አይረጋም» ማለቱን ተዉ። ንጹህ ማር ይረጋል። ውስጡ ያለው ግሉኮስ ነው የሚያረጋው፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይፈጥናል። እንዲህ ብላችሁ የሸጣችሁት ማር ከወር በኋላ ሲረጋ ደንበኛው ስኳር የተቀላቀለበት መስሎት ይመልሰዋል፣ ያኔ እውነቱን ብትነግሩትም አይሰማችሁም። ይልቅ የት ወረዳ፣ በስንተኛው ወር እንደተቆረጠ ጻፉ። እርጥበቱን ካስለካችሁ ቁጥሩን ጻፉ፤ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ በጥቅሉ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፣ ከዚያ ካለፈ ማሩ በቀላሉ ይቦካል። ካላስለካችሁ ደግሞ ዝም በሉ።

«ኦርጋኒክ» የሚለውም እንደዚሁ። ጫካችን ውስጥ ያለ ማዳበሪያ የሚበቅል ብዙ ቡና እንዳለ አውቃለሁ። ግን «ኦርጋኒክነቱ የተረጋገጠ» የሚባለው መርምሮ ወረቀት የሚሰጥ ሌላ አካል ሲኖር ነው። ወረቀቱ ከሌላችሁ «ገበሬው ማዳበሪያ አልተጠቀመም» በሉ፤ እሱንም ገበሬውን ጠይቃችሁ ከሆነ ብቻ። ወንበር ሠሪዎችም ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን ፎቶ አንሱትና የእጃችሁን ሥራ አሳዩ፣ ጠባሳ ካለው ከነጠባሳው። በ900 ብር አንድ ቀን እንኳ ያልሸጣችሁትን ዕቃ «ከ900 ወደ 600 ቀነሰ» አትበሉ። የአክስት ልጅ ለምናችሁ «አሪፍ ዕቃ ነው፣ ገዝቼ ሞክሬዋለሁ» አታስብሉ።

ሕግም አለ፣ አላወቅንም አንበል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። እኔን ግን ከቅጣቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ስሙ ነው። በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር ዘመን እዚሁ የነበረው የሕርማታ ገበያ ነጋዴ ከሩቅ አገር የሚጎርፍበት ነበር። «የጅማ» የሚለውን ቃል በየማሸጊያችን ላይ የምንለጥፈው ያ ስም ስላለ ነው። አንዳችን ስንዋሽ ደንበኛው «እገሌ ዋሸኝ» አይልም፤ «የጅማ ሰው ዋሸኝ» ነው የሚለው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሱቅ ዘግታችሁ ስትገቡ ስልካችሁን አውጡና የለጠፋችሁትን አንድ በአንድ አንብቡ። ሰው መጥቶ «አሳየኝ» ቢላችሁ የማታሳዩትን አጥፉት። ማር ላይ «ለሕፃናት ተስማሚ» ብላችሁ የጻፋችሁ ካላችሁ ከእሱ ጀምሩ፣ እስከ ማታም አትቆዩ። ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል፣ ንጹህ ማር ቢሆንም እንኳ። ከእናንተ የገዛችው እናት ስልክ ካላችሁ ደውሉላት።