ባኩቺና ፀሐይ፦ አዩርቬዳ ለለምጽ ይበጃልን?

ደጋፊ፦ ቆዳን በየቦታው እያነጣ የሚሄደው ለምጽ ለሕንድ ሐኪሞች እንግዳ አይደለም። በጥንታዊው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ በአታርቫ ቬዳ ውስጥ በሌሊት የበቀለውን ጥቁር ተክል «ነጩን ቦታ አጥቁርልን» ብሎ የሚማጸን መዝሙር አለ። አዩርቬዳ የሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና ሐኪሞችም ባኩቺ የተባለውን ተክል ፍሬ ፈጭተው ይቀባሉ፤ ከዚያም በሽተኛውን ፀሐይ ያሞቁታል። ፍሬው ውስጥ ያለው ሶራለን ቆዳ ለአልትራቫዮሌት ጨረር ፈጥኖ ምላሽ እንዲሰጥ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ካይሮ ውስጥ ሐኪሙ አብደል ሞኒም ኤል ሞፍቲ ከግብፅ ተክል በተገኘ የዚያው ወገን ንጥረ ነገር ለምጽን አከሙ፤ ሆስፒታሎች የተቀበሉት የሶራለንና የጨረር ሕክምና መሠረቱ ይኸው ነው። ታዲያ የአባቶችን ዕውቀት ስለምን እንንቀዋለን?

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ፍሬው ኃይል እንዳለው መች ካድሁ? የሚያስፈራኝ ኃይሉ ነው። ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒቱም ጨረሩም ይለካል። ቤት የተፈጨው ዱቄት የያዘውን ሶራለን፣ የቀትሩን ፀሐይ ጨረር ማን ለካው? ቆዳው ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ የቆሰለው ቦታ ደግሞ አዲስ ለምጽ ሊያወጣ ይችላል። ባኩቺን ሲውጡ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ ቦስተን አካባቢ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን በሽተኛውን መውቀሱ ነው። ጥንታዊው የአዩርቬዳ የሕክምና መጽሐፍ፣ የቻራካ መጽሐፍ፣ ለበሽታው ምክንያት ብሎ ከሚዘረዝራቸው መካከል ሐሰት መናገር፣ ውለታ መርሳትና ያለፈ ሕይወት ኃጢአት ይገኙበታል። ዓሣን ከወተት ጋር መብላትም ለምጽ ያመጣል ተብሎ እስከ ዛሬ ይወገዛል። ለምጽ የሚመጣው ግን የሰውነት በሽታ መከላከያ የቆዳን ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት ሲያጠቃ ነው። በቆዳዋ ምክንያት ትዳር የተከለከለችን ልጅ «በደልሽ ነው» ማለት ምን ዓይነት ሕክምና ነው?

ደጋፊ፦ የኃጢአቱን ነገር አልከላከልም፤ ይቅር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ለለምጽ የፈቀደችው የሩክሶሊቲኒብ ቅባት ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ከጨረር ማሽን ርቆ የሚኖረው ገበሬስ ምን ያድርግ? በቅርቡ ያለው የአዩርቬዳ ሐኪም ነው።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው ያ ሐኪም እውነቱን ይንገረው። ፊት ላይ ያለው ለምጽ ለሕክምና ይታዘዛል፤ የጣት ጫፍ ግን በዘመናዊውም ሕክምና እምቢ ይላል። «ሙሉ በሙሉ አድንሃለሁ» የሚለው ማስታወቂያ ይነሳ። የመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ የሶራለኑ መጠንና የቃጠሎው ማስጠንቀቂያ ይጻፍ፤ የሚዋጥ ከሆነም አስቀድሞ ጉበት ይመርመር።