አራስ ቤት በሀዋሳ፣ አራስ ቤት በሮተርዳም

ሆላንድ ውስጥ አንዲት ሴት በወለደች ማግስት በሯ ይንኳኳል። የመጣችው እናቷ ወይም አማቷ አይደለችም። «ክራምዞርግ» ከሚባለው አገልግሎት የተላከች የአራስ ተንከባካቢ ናት። ሕጻኑን ታጥባለች፣ የጡት አያያዝ ታሳያለች፣ የእናትየውንም የልጁንም ሙቀት ትለካለች። መጸዳጃ ቤቱን ታጸዳለች፣ ትልቅ ልጅ ካለ ቁርስ ታበላለች። ይህ ለ8 ቀን ገደማ ይቀጥላል። ሰዓቱ እንደ አራሷ ሁኔታ ከ24 እስከ 80 ይደርሳል። አብዛኛውን ወጪ የሚሸፍነው መሠረታዊው የጤና መድን ነው።

ሀዋሳ ላለ ሰው ይህን ስታወሩለት ይስቃል። «ታዲያ ምኑ ይገርማል? እኛ ጋ እኮ በነጻ ነው!» ይላል። አልተሳሳተም። ታናሽ እህቴ ታቦር ተራራ አካባቢ ባለው ቤቷ አራስ ሆና ሳለ ደርሼ አይቻለሁ። አክስታችን ከመጣች ጀምሮ ማታ ማታ ፍራሽ ዘርግታ የምትተኛው እዚያው ክፍል ነው። ገንፎው ጠዋት ይገነፋል፣ አጥሚቱ በፔርሙስ ይቀመጣል። አንዷ ጎረቤት በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ፣ የሲዳማን የእንሰት ምግብ፣ ይዛ ትመጣለች። ሌላዋ የሕጻኑን ልብስ ይዛ ሄዳ አጥባ ትመልሳለች። ማንም ቀጠሮ አልያዘም፣ ማንም ሰዓት አልቆጠረም።

ሮተርዳም ላይ በዘጠነኛው ቀን ተንከባካቢዋ ተሰናብታ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ አንቺና ግድግዳው ናችሁ። ሐበሻ ጓደኞችሽ ገንፎ ይዘው ይመጣሉ፤ ግን ቅዳሜ፣ ያውም ደውለው። እንደ ፈረንጆቹ ቀለም በገባበት አኒስ የተነሰነሰ ደረቅ ብስኩት ለእንግዳ ካቀረብሽ ደግሞ «በቃ ፈረንጅ ሆነሻል» ትባያለሽ።

ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ባለው ፍቅር እኛ እንበልጣለን። ክርክር የለኝም። ግን ሁለቱንም ሳይ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ፍቅራችንን በሙሉ የምናፈሰው ልጁ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ዘጠኝ ወራት ሴትየዋን «አይዞሽ» ብለን እናልፋታለን። እነሱ ደግሞ ገና ከጅምሩ ይይዟታል።

እርግዝና እኛ ጋ ምስጢር ነው። ሆድ እስኪገፋ ድረስ አይወራም። የሰው ዓይን አለ፣ «ቢወርድስ?» የሚል ስጋት አለ። ለጎረቤት አለመንገር መብት ነው፣ እኔም እደግፋለሁ። ችግሩ ከጎረቤት ስንደብቅ ከጤና ጣቢያውም መደበቃችን ነው። አምስት ወር ሞልቶ ክትትል የምትጀምር ብዙ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚመክረው ቢያንስ 8 ጊዜ መታየትን ነው። የመጀመሪያው ደግሞ ከ12ኛው ሳምንት በፊት መሆን አለበት። ደም ማነስ፣ የደም ግፊት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የደም ዓይነት፣ እነዚህ ሁሉ ቀድመው ከታወቁ መላ ይበጅላቸዋል።

ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ። የልጁ አንጎልና አከርካሪ የሚወጣበት ቱቦ በደንብ እንዲዘጋ ይረዳል፤ ቱቦው የሚዘጋው ደግሞ በተፀነሰ በ4 ሳምንት ገደማ ነው። ያኔ ብዙዋ ሴት ማርገዟንም በቅጡ አታውቅም። ስለዚህ ሆላንዶች ልጅ ያሰበችን ሴት ከመፀነሷ 4 ሳምንት ቀድማ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም እንድትጀምር ይመክራሉ። እኛ ጋ ክኒኑ የሚታሰበው ሆድ ከታየ በኋላ ነው። ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ የሚወለድ ሕጻን በአገራችን ጥቂት አይደለም። ክኒኑ በየመድኃኒት ቤቱ ያለ፣ ለብዙው ሰው አቅም የማይከብድ ነገር ነው። ሠርግ ደግሰው ልጅ የሚጠብቁ ሙሽሮች ከቬሎው ኪራይ ጋር ቢያስቡት ምን ነበረበት?

ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒንም የራሱ ታሪክ አለው። «ሆዴን አሳመመኝ»፣ «ሰገራዬን አጠቆረው» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። መጥቆሩ የተለመደ ነው፣ አያስደነግጥም። ሆድ ከረበሸ ከምግብ ጋር ወይም ማታ መዋጥ ይቻላል። ይልቅ ክኒኑን የሚያባክነው ቡናና ሻይ ነው። አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። በመሃል አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ። ቡናው ራሱም ለነፍሰ ጡር ልክ አለው። በቀን ከ200 ሚሊግራም ካፌይን አይለፍ ይባላል። ይህ ሁለት ሲኒ ገደማ ነው፤ የእኛ ቡና ወፍራም ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አቦልን ጠጥቶ በረካን መመረቅ ብቻ ይቻላል።

የሀዋሳን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልንም ሳላነሳ አላልፍም። ሀዋሳ መጥቶ ሐይቁ ዳር ዓሣ ያልበላ ሰው ሀዋሳን አየ አይባልም። ከጀልባ የወረደውን እዚያው ገፈው፣ ጥሬውን በዳጣ ያቀርቡታል። ነፍሰ ጡሯ አጠገባችሁ ተቀምጣ «አማረኝ» ስትል ደግሞ ማን ይከለክላል? አምሮት ካልተሟላ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል እየተባለ ያደግን ነን። ግን ጥሬ ዓሣም፣ ጥሬ ሥጋም፣ ለብ ለብ ያለ ክትፎም፣ ያልፈላ ወተትም በእርግዝና ጊዜ ይቆዩ። ለእሷ ቀላል ትኩሳት የሆነ ተሕዋስ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ያው ዓሣ በደንብ ተጠብሶ ሲቀርብ ግን ለእሷ ከሥጋ የማያንስ ምግብ ነው። ትብላ።

አሁን ወደ አራስ ቤቱ ልመለስ። መጋረጃው ተዘግቷል። ምች እንዳይመታት፣ ብርድ እንዳይገባት፣ ዓይን እንዳያርፍባቸው። ክፍሉ ሞቋል፣ ጨልሟል። ሆላንድ ያለችው ተንከባካቢ በየጠዋቱ መጀመሪያ የምታደርገው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው። ሕጻኑን አቅፋ መስኮት ዳር ትሄዳለች። የዓይኑን ነጭ ታያለች፣ ድዱን ታያለች፣ መዳፉን ትዘረጋለች። የምታጣራው ቢጫነት እንዳለ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ያውም ጠይም ቆዳ ላይ፣ ቢጫነት አይታይም። እስኪታይ ደግሞ ሊረፍድ ይችላል።

ይህንኑ ለማድረግ የእህቴን ልጅ ወደ መስኮቱ ስወስደው አክስቴ ብድግ አለች። «ኧረ ተዪ ልጄ፣ ብርድ ይገባዋል!»

«አክስቴ፣ መስኮቱን አልከፍተውም። መጋረጃውን ብቻ ገለጥ ላርግ።»

ዝም ብላ አየችኝ። ከጎኗ የተቀመጡት የጎረቤት እማማ ግን ነቃ ብለው «ምኑን ነው የምታዪው?» አሉ። አሳየኋቸው። በማግስቱ ስመጣ መጋረጃውን ገልጠው እሳቸው እያዩት ነበር። «ዛሬም ደህና ነው» አሉኝ። አሮጊቶቻችን አይሰሙም የሚባለው ነገር ብዙም አይዋጥልኝም። ስድብ ሳይጨመርበት ከተነገራቸው ይሰማሉ።

ቢጫነቱ በመጀመሪያው ቀን ከመጣ፣ መዳፍና እግር ከደረሰ፣ ወይም ልጁ ለመጥባት እንኳ የማይነቃ ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ነው። ነገ አይባልም።

«አራስ ብቻዋን አትተውም» የሚለውን ደንብ ግን ከማንም ጋር አልለውጠውም። ትራሷ ስር ቢላ የሚደረገው ለሌላ ነገር ነው፣ እሱን ትቼዋለሁ። ሰው አጠገቧ መሆኑ ግን ነፍስ ያድናል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው አደገኛ ደም መፍሰስ በብዛት የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ከራሰ፣ ራሷን ካዞራት፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዛት፣ ዓይኗ ከደበዘዘ፣ ካተኮሳት፣ አጠገቧ ያለው ሰው ገንፎውን ትቶ መኪና መጥራት አለበት። ሌላም አለ። ያለ ምክንያት የምታለቅስ፣ ልጁን ለማየት የማትፈልግ፣ እንቅልፍ የራቃት ሴት «ሆድ ብሷት ነው» ተብላ ትታለፋለች። ሁለት ሳምንት ካለፈው ይህም ሕክምና ያለው ሕመም ነው።

ሕጻኑን በሚመለከት ከአክስቴ ጋር የተስማማነው ብዙ ነው፣ ያልተስማማነው ጥቂት። እንገሩ ለልጁ ነው፣ አይደፋም። ቅቤ ማስዋጥ፣ ስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ አያስፈልገውም። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ። እትብቱ ላይ ባለሙያ ካልሰጠው ነገር በቀር ምንም አይቀባም። እንጥል ማስቆረጥ የሚለውን ከነጭራሹ አላነሳሁትም፣ እሷ ራሷ «እሱስ ቀረ» አለች። ጠያቂ ሁሉ ልጁን አንስቶ ይስማል፤ እዚህ ላይ ግን አልበገርም። እጅ ይታጠቡ፣ ጉንፋን የያዘው በር ላይ ይመርቅ።

ፀሐዩን በተመለከተ ሀዋሳዎች ዕድለኞች ናችሁ። ሆላንድ ውስጥ ልጅ እስከ 4 ዓመቱ በየቀኑ 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ በጠብታ ይሰጠዋል። ክረምቱ ፀሐይ የለውም፣ ጠይም ቆዳ ደግሞ የበለጠ ይፈልጋል። ሀዋሳ ላይ ፀሐዩ ደጃፍ ላይ ነው። ልጁ ግን በሦስት ፎጣ ተጠቅልሎ ጓዳ ውስጥ ይከርማል። ጠዋት ጠዋት እግሩና እጁ ተገልጦ ለትንሽ ደቂቃ ቢሞቅ ጥሩ ነው።

ሕጉን ሳነብ ደግሞ ገረመኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን፣ በድምሩ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። የሆላንዱ 16 ሳምንት ነው፣ ማለትም 112 ቀን። በወረቀት እኛ እንበልጣለን! አባት ላይ ግን ወደቅን። አዋጁ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ሆላንድ አባት አንድ ሳምንት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ያገኛል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በ70 በመቶ ክፍያ 5 ሳምንት መጨመር ይችላል። እኛ ጋ ችግር የለም፣ አክስት አለች ይባላል።

አክስት የሌላትስ? ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ለሁለት ለሦስት አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ከእነሱ አንዷ ስትወልድ ፍራሽ ዘርግቶ የሚተኛላት የለም። የእኛ አራስ አስተራረስ ያማረው ቤተሰብ አጠገብ ላለ ሰው ነው። ለእሷ ክራምዞርግም የለ፣ አክስትም የለ። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ሕጉን ማወቅ ራሱ ስንቅ ነው። ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትመደብም፣ ትርፍ ሰዓትም አትሠራም። ለክትትል የሄደችበት ሰዓት የሐኪም ማስረጃ እስካመጣች ድረስ ይከፈላታል። የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ገና በእርግዝናዋ ካወቀቻት ደግሞ ከወለደች በኋላ በሯን የሚያንኳኳ ሰው ይኖራታል። በመንግሥት ጤና ተቋም መውለድ በነጻ ነው፤ የአምቡላንስ ስልክ ግን ምጥ ከመምጣቱ በፊት ተይዞ ይቀመጥ። በኮብልስቶን ላይ በባጃጅ እየነጠሩ መሄድን ማንም አይመኝም።

አራስ ሆኖ ቤት መቀመጥም አንድ ነገር ያስረሳል። ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው፣ ከ7 እስከ 14 ባለው፣ ከዚያም በ6ኛው ሳምንት ነው። የመጨረሻው ከልጁ የ45 ቀን ክትባት ጋር ስለሚገጥም ይታወሳል። የመሃሎቹ ግን «አራስ አትወጣም» ተብሎ ይዘለላሉ። ተሸፋፍና ትውጣ፣ ክርስትናው እስኪደርስ አትጠብቅ።

ዳያስፖራ ወገኖቼ፣ ለእናንተም አንድ ነገር ልበል። ለአራስ ጥየቃ ስንመጣ ሻንጣችን የዱቄት ወተት ጣሳ ተሸክሞ ይመጣል። የምታጠባ እናት ዘንድ ጣሳ መደርደር ጥቅሙ አይታየኝም፤ እንዲያውም «ጡቴ አይበቃው ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ያመጣባታል። ከዚያ ይልቅ በእርግዝናዋ መሃል ላይ ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ ላኩላት። ተቀምጣ፣ 5 ደቂቃ አርፋ፣ ሳታወራ ትለካ። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ጥቂት ቆይታ ትድገመው። ካልወረደ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትሂድ። 160 በ110 ከደረሰ፣ ወይም ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለ፣ መድገሙንም አትጠብቅ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ናት። ከወለደች በኋላም መለኪያውን አታስቀምጠው፤ ግፊቱ በአራስነትም ሊነሳ ይችላል።