«ከቆዳ ሥር ብቻ ነው» የሚሉን የፊለር ሳሎኖች

ሰሞኑን ከንፈርና ፊት ለመሙላት በመርፌ የሚገባውን ጄል፣ ማለትም ፊለርን፣ የምትወጋ አንዲት የውበት ሳሎን ባለቤት በቲክቶክ «ፊለር የሚገባው ከቆዳ ሥር ብቻ ነው፤ ደም ውስጥ አይገባም፤ ሐኪም ለምን ያስፈልጋል?» ስትል ሰማን። ይህን የሚናገር ሰው ከቆዳ ሥር ምን እንዳለ አያውቅም፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ መርፌ መያዝ የለበትም።

በከንፈር፣ በአፍንጫ ጎንና በቅንድቦች መሃል የደም ቅዳ ቧንቧዎች ያልፋሉ። የመርፌው ጫፍ አንዱ ውስጥ ገብቶ ሲሪንጁ ከተገፋ ጄሉ ደሙን ይዘጋዋል። የአፍንጫና የቅንድብ መሃል ቧንቧዎች ከዓይን ቧንቧ ጋር ስለሚገናኙ፣ ግፊቱ ጄሉን ወደ ኋላ ነድቶ ሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የውስጥ ሽፋን) ደም ያሳጣል። ለዚህ ከ0.1 ሚሊ ሊትር ያነሰ ይበቃል። አንድ ሲሪንጅ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር ነው!

ቧንቧ ሲዘጋ ቆዳው ወዲያው ይነጣል፤ ቆይቶ እንደ መረብ የተጠላለፈ ወይን ጠጅ መልክ ያወጣል። በጣት ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ ቶሎ አይመለስም። ሳሎን ውስጥ «በልዞ ነው፣ በረዶ ያዢበት» ይባላል። በረዶ ቧንቧውን ጭራሽ ያጠበዋል። መደረግ ያለበት መርፌውን ወዲያው አቁሞ፣ ለብ ያለ ጨርቅ ይዞ፣ ጄሉን የሚያሟሟውን ሃያሉሮኒዴዝ በመቶዎች በሚቆጠር ዩኒት መውጋትና ደሙ እስኪመለስ በየሰዓቱ መድገም ነው። ሰዓታት ካለፉ ሥጋው ይሞታል፤ የአፍንጫ ጫፍ ጠቁሮ ይረግፋል። ታዲያ ይህ መድኃኒት በስንቱ ሳሎን ፍሪጅ ውስጥ አለ? ስንቷስ መጠኑን ታውቃለች? የወጋችውን ማሟሟት የማትችል ሴት መውጋቷ ወንጀል ነው።

ሃያሉሮኒዴዝም የሚሠራው ጄሉ ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሚባለው ንጥረ ነገር የተሠራ ከሆነ ነው። ለዳሌ የሚወጋው ፈሳሽ ሲሊኮን ማሟሟያ የለውም። ወደ ሳንባ ወይም ወደ አንጎል ሄዶ ይገድላል፤ ከዓመታት በኋላም ጓጉሎ ይነሣል፤ ሲወጣም ጤነኛው ሥጋ አብሮ ይቆረጣል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ሕዝቡን ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው።

«ሐኪምም ይሳሳታል» ይሉናል። ይሳሳታል፤ ዓይን ከተነካ መድኃኒቱ እያለም ብዙ ጊዜ አይመለስም። ለዚህም ነው የሠለጠነ ሐኪም በየቦታው ጥቂት ጥቂት የሚያስገባው፣ ብዙ ጊዜም በሹል መርፌ ፈንታ ጫፉ ዶልዱም የሆነ ቀጭን ቱቦ (ካኑላ) የሚመርጠው፣ የደንበኛውን ፊት እያየ የሚገፋው። የሳሎኗ ባለቤት ግን አንዱን ሲሪንጅ ለሁለት ጓደኛሞች ታካፍላለች።

ልትወጉ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ፣ የፊለሩን የታሸገ ሣጥንና የሃያሉሮኒዴዙን ብልቃጥ አሳዩን በሉ። ከሌለ ተነሥታችሁ ውጡ።