ፋቂው የሌለበት ኤግዚቢሽን

ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፍ መጠረዝ የሚያስተምር ትንሽ ክፍል ሜሪላንድ ውስጥ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ አገኘሁና ተመዘገብኩ። ስምንት ተማሪዎች ነበርን፤ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ሴቶች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ወረቀት ማጠፍና ክር በሰም ማሸት ተማርን። በሦስተኛው ሳምንት አስተማሪዋ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ቀጭን ሳንቃ አደለችና «ዛሬ የኢትዮጵያን ስፌት ነው የምንሠራው» አለች። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። «አንተማ ታውቀዋለህ!»

አላውቀውም። እንዲህ የሚባል ስፌት መኖሩንም የሰማሁት ያን ቀን ነው። ያደግኩት ግን ደብር አጠገብ ነው። ዳዊት ሲደገም እየሰማሁ፣ ወንጌል እየተሳለምኩ። ያ የምሳለመው መጽሐፍ በምን እንደተሰፋ፣ ማን እንደሰፋው አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ስፌቱ እንዲህ ነው። ወረቀቱ፣ በእኛ አገር ብራናው፣ ታጥፎ ጥራዝ ጥራዝ ይሆናል። እጥፋቱ ላይ ጥንድ ጥንድ ቀዳዳ ይበሳል። ለአንድ ጥንድ ቀዳዳ አንድ ክር፣ በክሩ በሁለቱም ጫፍ መርፌ። መርፌዎቹ ከጥራዙ ውስጥ ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ የታችኛውን ጥራዝ ስፌት ቆንጠጥ አድርገው ይይዛሉ፣ ከዚያ ወደ ላይኛው ይገባሉ። እያደር ጀርባው ላይ ሹሩባ የመሰለ ሰንሰለት ይወጣል። ገበታዎቹም፣ ማለትም የሽፋኑ ሳንቃዎች፣ ጠርዛቸው ተበስቶ በዚያው ክር ይታሰራሉ። ስፌቱን የሚያቆመው ክሩ እንጂ ሙጫ አይደለም። ለዚህ ነው እንዲህ የተሠራ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉት ዘና ብሎ የሚተኛው። ዛሬ ከመደብር የምንገዛው በሙጫ የተለጠፈ መጽሐፍማ መሐሉን ገለጥ ካደረጉት ገጽ በገጽ ይረግፋል። ሦስት መቶ ብር ከፍሎ ቅጠል መልቀም!

ያን ቀን አፍሬ ወደ ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ የመጽሐፍ ኤግዚቢሽን ካየሁ አላልፍም።

ፈረንጆቹ «የአርቲስት መጽሐፍ» የሚሉት ነገር አላቸው። ስለ ሠዓሊ የተጻፈ መጽሐፍ ማለት አይደለም። መጽሐፉ ራሱ፣ ወረቀቱ፣ አጣጣፉ፣ ስፌቱ፣ ፊደሉ ተደምሮ የጥበብ ሥራ ሲሆን ነው። በአሜሪካ የዚህ ነገር አባት ተደርጎ ስሙ የሚነሳው ኤድ ሩሼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የሃያ ስድስት ነዳጅ ማደያዎችን ፎቶ ሰብስቦ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። 400 ቅጂ ብቻ። ለአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ቢልከው «አንፈልግም» ብለው መለሱለት። ሰውየው አልተከፋም። «ተቀባይነት ያጣ» ብሎ በዚያው ማስታወቂያ ሠራበት። በ1974 ኒውዮርክ ውስጥ የመጽሐፍ ጥበብ ማዕከል ተከፈተ። በ1994 ደግሞ ሞማ የሚባለው የከተማዋ ዘመናዊ የጥበብ ሙዚየም የአንድ ምዕተ ዓመት የአርቲስት መጻሕፍትን ሰብስቦ ትልቅ ኤግዚቢሽን አሳየ። ዛሬ ይህ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ገበያ አለው፣ ትምህርት ቤት አለው፣ ሰብሳቢ አለው።

የዚህ ዓለም ሰዎች አንድ ደስ የሚል ባሕርይ አላቸው። ስለ እጅ ያወራሉ። ከመጽሐፉ ጎን ማን እንዳተመው፣ ማን እንደሰፋው፣ ወረቀቱን ማን እንደሠራው ይጻፋል። ጠራዧ ስሟ አለ። ወረቀት ሠሪው ስሙ አለ።

አሁን ወደ እኛ መጻሕፍት እንምጣ። በ2023 መጨረሻ ባልቲሞር የሚገኘው ዋልተርስ የጥበብ ሙዚየም በኢትዮጵያ ጥበብ ላይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ከፍቶ ነበር። ኋላም ወደ ሳሌምና ወደ ቶሊዶ ከተሞች ተጉዟል። ቤተሰብ ይዤ ሄድኩ። በጣም ጥሩ ዝግጅት ነበር። አልዋሽም፣ ልቤ ተነክቷል። እየፋቁ የሚያሸቱት ካርድ ሁሉ አዘጋጅተው ነበር፤ እጣን፣ በርበሬ፣ የቆየ መጽሐፍ። ልጄ በርበሬውን አሽታ ሳቀች።

መጻሕፍቱ ግን መስታወት ውስጥ ናቸው። ግድ ነው፣ ይገባኛል። አንድ ወንጌል ሁለት ገጽ ላይ ተከፍቶ ይቀመጣል። ሌላው ሁለት መቶ ቅጠል ተዘግቶ ይውላል። ከሥሩ ያለችው ጽሑፍ ዘመኑን ትነግርሃለች፣ አገሩን ትነግርሃለች፣ ከዚያ «ብራና፣ ቀለም፣ እንጨት፣ ቆዳ» ብላ ታበቃለች። ብራናው ራሱን የፋቀ፣ ቆዳው ራሱን የደጎሰ ይመስል።

ባልቲሞርን ብቻ ለመውቀስ አይደለም። እዚያ የማናየውን እኛም ቤት አላየነውም። ስለ ብራና መጻሕፍታችን ስናወራ ሦስት ነገር ብቻ ነው የምናነሳው፦ ስንት ዓመት እንደሆናቸው፣ ምን እንደተጻፈባቸው፣ እንግሊዝ በ1868 ከመቅደላ ስንት እንደወሰደብን። ሦስቱም ተገቢ ነው። የመቅደላውን ጉዳይ ማንም እንዲረሳው አልፈልግም። ግን መጽሐፍ ከሰማይ አልወረደም። ሰው ሠርቶታል፣ ያውም በቡድን።

ሥራውን በቅርብ ያየሁት ሰሜን ሸዋ፣ ዘመድ ቤት ነው። የፍየል ቆዳ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ በእንጨት ፍሬም ላይ በገመድ ይወጠራል፤ ከበሮ እስኪመስል። ሰውየው ከጎኑ ቆሞ በስለት ይፍቃል። ሥጋውን ከውስጥ፣ ጠጉሩን ከውጭ። ከዚያ በሻካራ ድንጋይ ያሻል። እንደገና ያረጥባል፣ ይወጥራል፣ ይፍቃል። እጁ ትንሽ ከበረታ ቆዳው ይበሳል። ቆዳው ውጥር ስለሆነ ያቺ ቀዳዳ ተስባ ክብ ትሆናለች። እንግዲህ ወይ ትሰፋለች፣ ወይ እንዳለች ትተዋለች። ጸሐፊው ሲደርስባት ዞሯት ያልፋል። የድሮ መጽሐፍ ውስጥ ፊደሉ ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ወንዝ ሲታጠፍ ካየህ፣ የአንድ ሰው እጅ የሳተችበትን ቅጽበት ነው የምታየው።

ቆዳው አይበቃም። ትልቅ ወንጌል ከሆነ ከአንድ ፍየል አንድ እጥፍ፣ ማለትም ሁለት ቅጠል ቢወጣ ነው። 200 ቅጠል ላለው መጽሐፍ 100 ፍየል ቁጠር። ሀብታም ካላጻፈ ማን ይችለዋል?

ከዚያ ቁም ጸሐፊው ይረከባል። መስመሩን በእርሳስ አይደለም የሚያሰምረው፤ በወስፌ ጫፍ ጫን አድርጎ ነው። በመቃ ብዕር ይጽፋል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል ይዘጋጃል፤ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ነው። ሐረጉን፣ ማለትም የገጹን ጌጥ፣ የሚስለው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ መጽሐፉ ወደ ደጓሹ ይሄዳል። ደጓሹ ጥራዙን ሰፍቶ፣ ገበታውን ቆዳ አልብሶ፣ በጋለ ብረት መስቀልና መስመር ያትምበታል። ከገበታው ውስጠኛ ገጽ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይለጥፋል፤ አንዳንዴ ከህንድ ወይም ከዐረብ አገር የመጣ ሐር። መስታወት የተገጠመባቸው ዳዊቶችም አሉ። ክፍት ስታደርገው የራስህን ፊት ታያለህ። ሥዕል ያለበት ቅጠል ጠርዝ ላይ ደግሞ ባለቀለም ክር ይሰፋል፣ ቄሱ ሳይደናበሩ እንዲገልጡት። ይህን ሁሉ ያሰበው ሰው አርቲስት ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

መጽሐፉ ሲያልቅ መጨረሻው ላይ የምትጻፍ ጸሎት አለች። «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ ወለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ...»። ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመው፣ ቃሉን ለሰማው ሁሉ ምሕረት ትለምናለች። ደጋግሜ አነበብኳት። የፋቀው የለም። የሰፋውም የለም። የደጎሰውም የለም። የሰማ ሰው እንኳ ድርሻ አግኝቷል!

ለነገሩ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። «ፋቂ» ስድብ ነው በእኛ አገር። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አውጥተው ነበር። በዚያ አዋጅ ከተጠቀሱት ስድቦች መካከል ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ማለት ይገኝበታል። ደግሞ የሚጽፈውን ሰው «ጠንቋይ» ማለት። ጸሐፊውም አልቀረለትም ማለት ነው። ፋቂና ደጓሽማ ከማን ጋር ሊቆጠሩ።

ይህ ንቀት ዋጋ አስከፍሎናል። የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎችን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል። ብራናቸው በሳይንስ ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ መሆናቸው ታወቀና ጉድ ተባለ። ብዙ ሰው የማያወራው፣ ቀደም ሲል በተደረገ ጥገና ቅጠሎቻቸው ተዛንፈው፣ በማይሆን ስፌት ተጠፍረው እንደነበር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሁለት እንግሊዛውያን ጠራዦች ወደ ገዳሙ ሄዱ። መጻሕፍቱ ከግቢው ስለማይወጡ ሥራውን እዚያው ግቢ ውስጥ ሆነው ሠሩት። የድሮውን ስፌት ፈትተው እንደገና ሰፉት። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ያን ሥራ የሚሠራ የራሳችን ሰው ከጎናቸው ስንት ነበር ብዬ ሳስብ ያሳፍረኛል።

ሌላም አለ። የቱሪስት ሱቅ ገብተህ ነጠላ የብራና ቅጠል በፍሬም ተሰቅሎ አይተህ ይሆናል። ከላዩ አዲስ መልአክ ተስሎበት፣ ከሥሩ የድሮ ጽሑፍ ፈዝዞ ይታያል። መጽሐፍ ተገንጥሎ ነው። የገነጠለው ሰው መጽሐፉ አንድ አካል መሆኑን አልተማረም፣ የገዛውም አልተማረም። ኤግዚቢሽኖቻችን ሁለት ገጽ ብቻ ሲያሳዩን እኛም መጽሐፍ ማለት ቆንጆ ገጽ ነው ብለን ለመድን።

«የቤተ ክርስቲያንን መጽሐፍ ከነዳጅ ማደያ ፎቶ ጋር ታወዳድራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አላወዳድርም። ቁም ጸሐፊው ስሙን ለማስጠራት አልጻፈም፣ ለጸሎት ነው የጻፈው። «የአርቲስት መጽሐፍ» የሚለውን ታርጋ ልለጥፍበት አልፈልግም። የምለው፣ እጁን እናክብረው ነው። ደግሞ የእኛ ሰዎች የመጽሐፍን ቅርጽ ሲጫወቱበት ኖረዋል። ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ የኢትዮጵያ ብራና አለ። ወደ አራት ሜትር የሚጠጋ፣ እንደ ሰንሱል እጥፍ እጥፍ ተደርጎ የታጠፈ። ሲከፈት ክብ ጎማ ይሆናል፣ ቅዱሳኑ ዙሪያውን ቆመው። በበዓል ዑደት ላይ ከፍ ተደርጎ ይያዝ ነበር። ክታብን ተመልከት። ለአንድ ሰው ብቻ፣ ስሙ እየተጠራ፣ ቁመቱ እየተለካ ነው የሚጻፈው። ባለቤቱ ሳይከፍተው በአንገቱ ያንጠለጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኒውዮርክ ላይ በተከፈተ ኤግዚቢሽን ክታቦች ተዘርግተው ለሕዝብ ታይተዋል። ባለቤቶቻቸው ምናልባት አንድም ቀን እንዲያ ተዘርግተው አላዩዋቸውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስድስት ኪሎ ሙዚየምም ይሁን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር፣ ባልቲሞርም ይሁን ለንደን፣ ከመስታወቱ ጎን ቆዳ የተወጠረበት ፍሬም ይቁም። ተጀምሮ ያላለቀ ስፌት ይታይ። ሕፃናት የሚነኩት፣ የሚገልጡት አንድ አዲስ መጽሐፍ ይኑር። ስሙ ባይታወቅ «ያልታወቀ ፋቂ፣ ያልታወቀ ደጓሽ» ተብሎ ይጻፍ። ባለሙያውም አልጠፋም። አዲስ አበባ ፒያሳ ሐመረ ብርሃን በሚባል ተቋም ካህናትና ምእመናን ብራናውን፣ ብዕሩንና ቀለሙን ራሳቸው እያዘጋጁ መጻሕፍት ይገለብጣሉ። በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ከዚያ ሩቅ አይደለም። የኅትመት ጥበብ የሚማር ልጅ አንድ ሴሚስተር ከደጓሽ ጋር ቢውል ምን ይጎድልበታል? የሚወጣው መጽሐፍ ወንጌል መሆን የለበትም። የሰፈሩ ታክሲ ይሁን፣ የእናቱ የወጥ አሠራር ይሁን።

እኔ የሰፋኋትን ደብተር ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ይዣት ሄድኩ። ለአንድ የማውቃቸው መሪጌታ አሳየኋቸው። ወዲያው አልገለጧትም፤ መጀመሪያ አውራ ጣታቸውን ጀርባዋ ላይ አስኬዱ። ከታች ወደ ላይ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ማነው የሰፋልህ?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«እዚህ ጋ ላልቷል።» ደግመው ዳበሱት። «ክሩም ጅማት አይደለም።»

«አይደለም። ፈረንጅ አገር ነው የተማርኩት።»

ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አወረዱና ወደ ብርሃኑ ጠጋ አሉ። «ወስፌ ይዘሃል?»